ከአዮዲን በታች ያለው ባዶ ቦታ

መስከረም 18

ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ለሦስት ወር ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ልጄ «አጎቴ ሞተች ብሎ ሳያለቅስ ጻፊለት እንጂ» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። እኛ ደህና ነን።

«አመመሽ እንዴ?» ላልከኝ፣ አላመመኝም። ከሦስት ወር በፊት በላክሁልህ ቁራጭ ወረቀት «የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ እንዴት ነው የተደረደረው?» ብዬ የጠየቅኩህ በሙሉ ጤንነቴ ነው። በዚህ የሙያ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆና ቱቦ ሳጥብ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በየዓርቡ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። የትኛው ጥግ እንደተቀደደ አውቃለሁ። ለምን ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ መሐሉ እንደጎደጎደ ግን አላውቅም፤ አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት ስጨርስም በወጉ ያስረዳኝ የለም።

አሁን የቤተ ሙከራው ረዳት ጡረታ ወጥቶ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰና በቤተ ሙከራው ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ» ይላል። ተመዘገብኩ። የክፍሉ ኃላፊ፣ እኛ እርስ በርሳችን ቀይ እስክሪብቶ የምንለው፣ ስሜን ዝርዝሩ ላይ ሲያይ ሳቁን ለቀቀው። «መጥረጊያሽን ይዘሽ ነው የምትፈተኚው?» አለኝ። «ካስፈለገ ምን ችግር አለው፤ ወለሉ በእርስዎ ጫማ አይደል የሚቆሽሸው» አልኩት። ፈተናው በጥር መጨረሻ ነው።

በስልክ አስረዳኝ እንዳልልህ፣ በስልክ ስናወራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደምንጣላ እናውቃለን። በደብዳቤ አስተምረኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ያስቀመጥኩት አንተ እንድትጨርስ ነበር። ፈቅጄ ነው፣ አልወቅስህም። ግን አሁን ያንን ደብተር መልስልኝ።

ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው? ደግሞ አንድ ነገር፦ ድሮ ደብዳቤህን ስትጨርስ «ወንድምሽ፣ መምህሩ» ትል ነበር። አባባ ያቺን ፊርማ ለጎረቤት ሁሉ ያስነብብ ነበር። ስንት ዓመት እንደሆነህ እንጃ፣ አሁን «ወንድምሽ» ብቻ ሆነሃል። ትሕትና ነው ስንፍና?

ያንተው እሾህ

ጥቅምት 2

እሾኬ፣

እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም ከነምሬቱ አለ። የልጅሽን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ስለ ፊርማዬ አትጨነቂ፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰው ቀለም መቆጠብ ይጀምራል። ተማሪ ደግሞ የትም ቢሆን ያው ተማሪ ነው።

መመዝገብሽን ስሰማ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም አለኝ ፈራሁም። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ። ያ ሰውዬ አለቃሽ ነው። ፈተናውን ብታልፊ እንኳ ነገ የምትገቢው እሱው ደጅ ነው። በጫማው ላይ ያልሽውን አንብቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ መሳቄን ተውኩት።

ቢሆንም ጠየቅሽ፣ እመልሳለሁ። ሠንጠረዡ የሚነበበው እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ቤት በአንድ ይጨምራል። ሃይድሮጂን አንድ፣ ሂሊየም ሁለት፣ ሊቲየም ሦስት። መጀመሪያ እስከ ሃያ ያሉትን ሸምድጂ። ሳትደናቀፊ ከቻልሽ ጻፊልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን፣ ቀስ በዪ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 20

ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ደብዳቤህን ራሱ ቀይ እስክሪብቶ አመጣልኝ። ፖስታው ላይ «በጽዳት ክፍል በኩል» ያልከውን ጮክ ብሎ አንብቦ ነው የሰጠኝ። እግዜር ይስጥህ።

ሃያዎቹን ሸምድጃለሁ። ወደፊትም ወደኋላም እላቸዋለሁ። ግን አትቆጣኝና፣ ይህ ትምህርት አይደለም። ልጄ ስትሰማኝ «እማዬ፣ ይሄ እኮ የስም ጥሪ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ካላወቅሽ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እኔ እነዚህን ነገሮች በቆሻሻቸው ነው የማውቃቸው። የብሩ ውሕድ ጣቴን አጥቁሮ ሳምንት አይለቅም። አዮዲን ጨርቁን ቡናማ ያደርጋል። የመዳቡ ዕቃ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚደርሰኝ። ማን ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ከመምህራኑ በፊት የሚያውቅ አጣቢው ነው።

አሁን ስማኝ። ሐሙስ ዕለት ወጣቱ መምህር ለልጆቹ በውሃ ገንዳ ሲያሳይ መወልወያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሊቲየሙን ጣለው፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ትስስ አለ፣ አለቀ። ሶዲየሙን ጣለው፤ ድብልብል ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። ፖታሲየሙን ሲጥለው ግን ወይን ጠጅ እሳት ለኮሰ፤ ልጆቹም ጮኹ። ወለሉን ስወለውል ቀና ብዬ ግድግዳውን ባይ፣ ሦስቱ በግራ ጠርዝ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረዋል፤ 3፣ 11፣ 19። ከ19 በታች ደግሞ 37 ሩቢዲየም አለ።

መምህሩን «ይህችኛዋን ብትጥል መስኮቱ ይተርፋል?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ ዞር ብሎ።

«ግድግዳው።»

ስለዚህ ጋሼ፣ የሚነበበው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ነው። ለምን አልነገርከኝም? አሁን ሁለት ነገር መልስልኝ። ከ3 እስከ 11 ስምንት ነው፣ ከ11 እስከ 19 ስምንት ነው፤ ከ19 እስከ 37 ግን አሥራ ስምንት ይሆናል። ለምን? ሁለተኛ፣ 52 ቴሉሪየም ክብደቱ 127.6 ነው፤ 53 አዮዲን ግን 126.9። ከባዱ ቀድሟል። ሚዛኑ ነው የተሳሳተው ሠንጠረዡ?

እሾህ

ኅዳር 5

እሾኬ! እሾኬ!

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ታች መነበቡን ያልነገርኩሽ ራስሽ እንድታገኚው ብዬ ነው ልልሽ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። የተማርኩት በሽምደዳ ነው፣ ያስተማርኩትም በሽምደዳ ነው። ያ የውሃ ገንዳ በስንት ክፍል ፊት አልፏል፤ «ግድግዳው ነገረኝ» ያለኝ ግን አላስታውስም።

ሚዛኑም ሠንጠረዡም ልክ ናቸው። ተራውን የሚወስነው ክብደት አይደለም። በአቶሙ እምብርት ውስጥ ፕሮቶን የሚባሉ አሉ፤ ተራው የእነሱ ቁጥር ነው። አዮዲን 53 ስላለው 53ኛ ነው፤ ቢቀልም ቢከብድም ቦታውን የሚነጥቀው የለም።

ስለ አሥራ ስምንቱ፦ በእምብርቱ ዙሪያ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ፎቅ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ተከራዮች አስቢያቸው። አግድም ረድፉ ቤቱ ስንት ፎቅ እንዳለው ይነግርሻል። ቋሚው ዓምድ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ስንት ሰው እንዳለ። ጠባይ የሚመጣው ከላይኛው ፎቅ ነው፤ ሊቲየምም ሶዲየምም ፖታሲየምም እዚያ አንድ ብቸኛ ተከራይ አላቸው፤ እሱም ለመውጣት የቸኮለ ነው። ፎቁ በበዛ ቁጥር ከእምብርቱ ይርቃል፣ ለመውጣትም ይቀለዋል። ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ ግን ከታች ባለው ፎቅ ላይ ያልተያዙ አሥር ቦታዎች አሉ፤ ሁለት ላይኛው ፎቅ ከገቡ በኋላ አዲሶቹ እነዚያን ይሞላሉ። ስምንትና አሥር አሥራ ስምንት። ያንቺ የጎደጎደው መሐል ይኸው ነው፤ ከላይ ያሉት ረድፎች መሐሉን የሚሞላ ስለሌላቸው ነው ዳርና ዳር የቆሙት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሠንጠረዡን የሠራው ሰውዬ ስለ ፕሮቶን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በእሱ ዘመን የታወቁት ስድሳ ምናምን ብቻ ነበሩ። ጠባያቸው የሚመሳሰለውን በአንድ ዓምድ ሲያደርግ ተራው አልገጥም ሲለው ቦታውን ባዶ ተወው። «እዚህ ጋ አንድ ያልተገኘ አለ፤ ሲገኝ ጠባዩ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀበት። በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከባዶዎቹ ሦስቱ ተገኙ፣ እንዳለውም ሆኑ። እኔ ከሠንጠረዡ ሁሉ የምወደው የሞላውን አይደለም፤ እነዚያን ባዶ ቦታዎች ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 28

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው፣ እጄ በካርቶን ተቆራርጧል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ላልከኝ፦ ቀይ እስክሪብቶ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጥቶኝ «ምርመራ ስለሚመጣ ብናኙን አራግፊና ጠርሙሶቹን አስተካክያቸው» አለኝ። እስከ ዛሬ የተደረደሩት በቁመት ነበር፤ ረጅም ከኋላ፣ አጭር ከፊት፣ ልክ እንደ ክፍል ፎቶግራፍ። እኔም አስተካከልኳቸው።

አንዱን ግድግዳ ለንጥረ ነገሮቹ ብቻ ለይቼ፣ ሰባት መደርደሪያ ለሰባት ረድፍ፣ ከሥር ደግሞ በሠንጠረዡ ግርጌ ለብቻቸው ለተጻፉት ሁለት ረድፎች ሁለት ሣጥን አደረግኩ። ያለን ሠላሳ ሰባት ጠርሙስ ነው። ለቀሩት ሰማንያ አንዱ ያንን ሰውዬ ሆንኩ፦ ቦታቸውን ባዶ ተውኩ፤ ከካርቶን መለያ ቆርጬ ቁጥርና ስም ጻፍኩላቸው። መዳብ አለ፣ ከሥሩ ብር አለ፣ ከብር ሥር ባዶ ቦታ ሆኖ «79 ወርቅ» ይላል።

አሁን በሩን ከፍቼ ስገባ ሠንጠረዡ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ትላንት ሁለት ተማሪዎች በር ላይ ቆመው «እዚህ ባዶው ምንድነው?» አሉኝ። ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። እኔ!

እሾህ

ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ ብል ዋሸሁ። ልጄ እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር፤ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ እጽፋለሁ።

መርማሪዎቹ መጡ። የዕቃ ቤቱ መዝገብ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ በስብሶ ከተጣለ ቆይቷል፤ ሌላ ዝርዝር የለም። ስለዚህ የእኔን የካርቶን መለያዎች እንደ መዝገብ ያዟቸው። ሰብሳቢያቸው መነጽሩን አስተካክሎ ከወርቁ ጀመረ። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልህ።

«ሰባ ዘጠኝ፣ ወርቅ። የታለ?»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«ኖሮ አያውቅም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ስሙ ተጻፈ?»

«ቦታው ስለሆነ ነዋ።»

«ጻፍ» አለው ለጓደኛው። «ወርቅ፣ የለም።» ከዚያ ፕላቲነም፣ የለም። እንዲህ እያሉ ሰማንያ አንዱን ጻፉ። ቀይ እስክሪብቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ነገሩ ገብቶታል፤ ሊስቅ ሲል አየሁት። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን የተዘጋጀ ወረቀት ሰጥተውኛል። «ሰማንያ አንድ ጠርሙስ በጥንቃቄ ጉድለቴ መጥፋቱን አምናለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ጽዳቱ ላይ እቀጥላለሁ። ማስጠንቀቂያ ያለበት ግን መፈተን አይችልም። ካልፈረምኩ ጥር 12 ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ከሥራ ሊያባርሩኝ ይችላሉ። መለያዎቹንም አንሺ ተብያለሁ። አላነሳሁም።

ምን ትላለህ?

እሾህ

ታኅሣሥ 16

እሾኬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ፈርሚ።

አውቃለሁ፣ አልሰረቅሽም። እነሱም ያውቃሉ። እውነት መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ደሞዝ መያዝ ሌላ። ልጅሽ ትምህርቷን አልጨረሰችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ፈተናው ሌላ ዓመት ይመጣል፤ ሥራ ግን ከወጡ በኋላ አይመለስም። ፊርማ ቀለም ነው፣ ይደርቃል፣ ሰው ይረሳዋል።

እባክሽ በእኔ ይሁንብሽ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 22

ጋሼ፣

አልፈርምም።

ቀለም ይደርቃል ላልከው፣ እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ። የደረቀ ቀለም እንዴት እንደማይለቅ ካንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ገና እርጥብ ሳለ ካልጠረጉት ዕቃው እስኪሰበር አብሮት ይኖራል።

ልጄን ምክንያት አታድርግብኝ። ወረቀቱን አንብባ «እማዬ፣ ከፈረምሽ እኔም ያንን ትምህርት ቤት አልረግጥም» ብላለች። እሾህ የሚወልደው እሾህ ነው።

በጣም ነው የተናደድኩብህ። የሰውዬውን ባዶ ቦታዎች የነገርከኝ አንተ ነህ። «ብዙ ሰው ሳቀበት» ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ያኔ አንሥቷቸው ቢሆን ጥሩ ነበር በለኛ! ለተማሪዎችህም እንዲህ ነው የምትነግራቸው? እስቲ አንድ ተማሪህን ጥቀስልኝ፤ የሚያስቸግርህን፣ ወይም ጎበዙን። ስንት ዓመት ሙሉ «ተማሪ ያው ተማሪ ነው» ከማለት በቀር አንድም ልጅ አንሥተህልኝ አታውቅም። ምንድነው የምትደብቀኝ?

ብትቀየም ተቀየም። ጥር 12 እቀርባለሁ።

እሾህ

ጥር 1

እህቴ፣

የምጠቅስልሽ ተማሪ የለኝም። ክፍል ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

የእኛ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተቃጠለ ጊዜ «ትንሽ ነገር ነው» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። የጋዙ ቧንቧ በስብሶ ነበር። ይቀየር ብዬ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሰው አልሞተም፣ ጣሪያው ግን ሄደ። ርዕሰ መምህሩ «ቧንቧውን ሳልዘጋ ወጥቼ ነው» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ሰጠኝ። «ፈርም፣ በማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ ሰው ይረሳዋል» አለኝ። ፈረምኩ። በሳምንቱ ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ማህደር እየደረደርኩ ነው የምኖረው፣ በፊደል ተራ። አንቺ «ለኬሚስትሪ መምህሩ» ብለሽ የምትልኪውን ፖስታ ዘበኛው ሰው ሳያይ በመዝገብ ቤቱ በር ሥር ያስገባልኛል። በየጊዜው ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።

«መምህሩ» ብዬ መፈረም ያቃተኝ ለዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ መዋሸት ችዬ ነበር፤ እሱን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ያስቀመጥሽው ደብተር ነው እኔን መምህር ያደረገኝ። ያን ቀን የፈረምኩት በእኔ ትምህርት ላይ ብቻ አይደለም፣ በአንቺም ላይ ነው። ይቅርታ ብዬ የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ፈርሚ ያልኩሽን ቅደጂው። እንዳትፈርሚ። ቢያባርሩሽም እንዳትፈርሚ።

አሁን እንደ አስተማሪ አንድ ጥያቄ ብቻ። መደርደሪያሽ ላይ ከአዮዲን በታች ባዶ ቦታ አለ። ለምን በየትኛውም ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ባዶ እንደሚሆን ከመጽሐፍ ፈልጊና አግኚ። መልሱን አልነግርሽም። ካገኘሽው በኋላ የመጨረሻውን፣ 118ን፣ ተመልከቺ።

ወንድምሽ

የካቲት 14

ጋሼ፣

«ምን ሆንሽ?» ብለህ ሦስት ጊዜ የጻፍከው ሁሉ ደርሶኛል። ዝም ያልኩህ ስለተቀየምኩህ ነው። ዘጠኝ ዓመት! አባባ አልጋ ላይ ሆኖ «የመምህሩ ደብዳቤ መጣ?» እያለ ነው የሞተው። አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳህን ሰበርኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። አሁንም አልወጣልኝም። ይህንን ካወቅህ ስለ ኮሚቴው ልንገርህ።

መጽሐፉን ብብቴ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ባለመነጽሩ ሰብሳቢ «ሰማንያ አንዱን ጠርሙስ ምን አደረግሻቸው?» ሲል ጀመረ።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አልኩት። «ሰማንያ አምስተኛው ይጻፍልኝ። አስታቲን ይባላል፣ ከአዮዲን በታች ነው ቦታው። ይህ መጽሐፍ እንደሚለው በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው ሁሉ ተለቃቅሞ ቢሰበሰብ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። እኔ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሰርቄያለሁ ተብያለሁ። የዓለምን ሁሉ አንድ ላይ ብወስድ እንኳ ጠርሙሱ አይሞላልኝም።»

ገጹን ገለጥኩ። «ቀጥሎ መቶ አሥራ ስምንት። ሰው በመሣሪያ ሠርቶ ያገኛቸው አቶሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዓይን ሳይርገበገብ ይጠፋሉ። ሰረቅሽ ካላችሁኝ ኪሴ ሳይደርስ አልቋል።»

አንዷ የኮሚቴ አባል ሳቋ አመለጣት። ባለመነጽሩ መጽሐፉን ተቀብሎ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ከዚያ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ዞረ። «እርስዎ የኬሚስትሪ ሰው አይደሉ እንዴ? ይህንን አያውቁም ነበር?» አለው። ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ግንባሩን ሲጠርግ ማየቱ ብቻ አሥራ ስድስት ዓመት ማጠቤን አስረሳኝ።

ክሱ ተሰረዘ። «እንግዲህ ለወደፊቱ እንዳያሳስት መለያዎቹን አንሺያቸው» አሉኝ በመጨረሻ። «አላነሳም» አልኩ። «ጠርሙስ የሌለበትን ባዶ ካላልነው ልጆቹ የሌለንን በምን ያውቃሉ?» ባለመነጽሩ ትንሽ አሰበና «ከላይ 'ይህ መዝገብ አይደለም' ብለሽ ለጥፊበት» አለ። ለጠፍኩ። በቀይ ነው የጻፍኩት።

ተፈተንኩ። ስድስት ነበርን። በጽሑፉ ሁለተኛ ወጣሁ፣ በተግባሩ አንደኛ፣ ሲደመር አንደኛ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሁን የሚኖረው በእኔ ኪስ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ሲፈልግ አንኳኩቶ ይጠይቀኛል። ጫማውን ጠርጎ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ፖስታህ ላይ «በጽዳት ክፍል በኩል» እንዳትል። «ለቤተ ሙከራው ረዳት» በል።

እኔ ደግሞ ያንተን አልቀይርም። እንደ ድሮው «ለኬሚስትሪ መምህሩ» ብዬ ነው የምልከው። በበር ሥር እንዳይገባ ግን በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ፤ ፈርመህ ከዋናው ቢሮ ነው የምትወስደው። ይህችን ፊርማ ፈርማት። እምቢ ብለህ ብትመልሰው ሁለተኛ እልከዋለሁ፣ ሦስተኛም እልከዋለሁ። እኔን ያስተማረኝ ማን ሆነና ነው?

እሾህ

መጋቢት 3

ለቤተ ሙከራው ረዳት፣

እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ ይህ ይቅደም፣ ሌላው ሁሉ ይከተላል።

የአደራ ደብዳቤሽ የደረሰው የሠራተኞች ስብሰባ ባለበት ቀን ነው። አዲሷ ጸሐፊ ታሪኩን አታውቅም። በሰው ሁሉ ፊት ቆማ ፖስታውን አነበበች፤ «ለኬሚስትሪ መምህሩ ይላል። ስሙ ግን የመምህራን ዝርዝር ውስጥ የለም። ልመልሰው?»

የሚያውቀኝ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ «መዝገብ ቤት ስጪው፣ እዚያ ያጣሩታል» አለ። ዝም ብል ፖስታው ራሱ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣልኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው የኖርኩት።

ተነሣሁ። «አትመልሺው፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሄጄ በሁሉም ፊት ፈረምኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የራሴን ማህደር አወጣሁ። ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው ያለው፤ በራሴ እጅ በፊደል ተራ ያስገባሁት ነው፣ ከፍቼው ግን አላውቅም ነበር። ሦስቱም የጋዝ ቧንቧ ማመልከቻዎቼ ከነማህተማቸውና ከነቀናቸው እዚያው አሉ። የፈረምኩት ወረቀት ከእነሱ በላይ ተቀምጦባቸው ነበር። ገልብጬ አባዝቼ ከአቤቱታ ጋር አስገብቻለሁ። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ምን አስታወሰህ?» አሉኝ። «እህቴ» አልኳቸው።

ይመልሱኝ አይመልሱኝ አላውቅም። ምናልባት ሊያባርሩኝም ይችላሉ። ብቻ ዛሬ ጠዋት ዘበኛው መዝገብ ቤት መጥቶ «ልጄ ኬሚስትሪ አልገባት ብሏል፣ እባክዎ» ሲለኝ፣ ከማህደሮቹ መሐል ክፍት ወንበር ስቤ «ትምጣ» አልኩት። ከሊቲየም ነው የምጀምርላት፣ ወደ ታች።

ወንድምሽ፣ መምህሩ